ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ብሂሉ ስለ ሰው የተነገረ ቢመስልም ለቁስም ይሆናል። እኔን ይህን አባባል ከሚያስታውሱኝ ነገሮች አንዷ፣ ለአንድ ትውልድ የአሜሪካ ቤተሰብ ጓዝ ተሸካሚ የነበረችው ትልቋ ስቴሽን ዋገን ናት። የጎረምሳ ሕልም ባለ ሁለት በሯ ፈጣን መኪና እንጂ እርሷ አልነበረችም። ዛሬ ግን ከየጓሮው ፈልገው፣ ዝገቷን ፍቀው፣ እንደ ቅርስ የሚጠብቋት ወዳጆች አሏት። ከእርሷ የሚወዱት ምኗን ይሆን? መልሱን የፈለግሁት በታሪኳ ውስጥ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ መነሻዋን ይናገራል። በባቡር ዘመን መንገደኛና ሻንጣ ከጣቢያ ተቀብሎ ወደ ሆቴል የሚያደርስ ሠረገላ ነበረ፤ ስቴሽን ዋገን ማለትም «የጣቢያ ሠረገላ» ነው። ፈረሱ በሞተር ሲተካ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ። የቀድሞዎቹ ዋገኖች ገላ የአናጢ ሥራ ነበር፤ በብረት ሻሲ ላይ የእንጨት ቤት ይታነጽ ነበር። ፎርድ በ1929 በሞዴል ኤ መኪናው ላይ ይህን ዓይነት ገላ ገጥሞ በራሱ ስም ለገበያ ሲያቀርብ፣ እንጨቱ የሚሰናዳው በሚሺጋን ግዛት አይረን ማውንቴን በተባለ ስፍራ በነበረው የራሱ ፋብሪካ ነበር።

እንጨት ግን እንክብካቤ ይሻል። ቫርኒሹ በየጊዜው ካልታደሰ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል። ስለዚህ ፕሊመዝ በ1949 ገላዋ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ዋገን ሲያወጣ ገበያው ወደዚያው አዘነበለ። ቢዩክም በ1953 የመጨረሻዋን ባለ እንጨት ዋገን ሠርቶ የዘመኑን መዝጊያ ዘጋ። ያረጁት ባለ እንጨቶች ረክሰው ሲሸጡ፣ በካሊፎርኒያ ዳርቻ በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ረጃጅም ሰሌዳዎቻቸውን ሊጭኑባቸው ገዟቸው።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብረቱ እንጨቱን ድል ከነሣ በኋላ ሰው እንጨቱን ናፈቀ። ፋብሪካዎቹም በብረቱ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ላስቲክ ይለጥፉ ጀመር። ከ1950 እስከ 1991 የተሠራችው የፎርድ ካንትሪ ስኳየር በእውነተኛ እንጨት ተወልዳ፣ አብዛኛውን ዕድሜዋን በእንጨት ሥዕል ኖረች።

ግዝፈቷም ለጉድ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ከ1971 እስከ 1976 በሠራቸው ታላላቅ ዋገኖች የኋላው መስታወት ወደ ጣሪያው፣ በሩ ደግሞ ከወለሉ በታች ተንሸራቶ ይሰወር ነበር። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.4 ሜትር የሆነ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። በብዙ ዋገኖች ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነበር። በእርሱ ላይ የተቀመጡ ልጆች የሚያዩት የሚመጣውን መንገድ ሳይሆን የሚርቀውን ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰውም ቦታው እዚያ ይመስለኛል።

ከዚያ ወንበር የሚታየው ሁሉ ግን ያማረ አይደለም። ዋገኗ የነገሠችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከየከተማው ዳር በተስፋፉት የመኖሪያ ሰፈሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው፣ በ1947 በኒው ዮርክ ግዛት መሠራት የጀመረው ሌቪታውን፣ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት በውል ይከለክል ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ቤተሰብ መኪና ቢኖረው እንኳ በመንገድ የሚያገኘው ሆቴል ሊዘጋበት ይችላል። ለዚህም ነበር ቪክቶር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ጥቁር መንገደኛ የት ማደርና የት መብላት እንደሚችል የሚጠቁም መመሪያ ያሳተመው። እስከ 1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ ድረስ መንገዱ አንድ ሆኖ ጉዞው ግን ሁለት ነበር። አንዱ ልጅ የክረምት ዕረፍት ብሎ የሚያስታውሰውን፣ ሌላው አባቱ ማደሪያ ሳያጣ ለመድረስ የተጣደፈበት ቀን አድርጎ ያስታውሰዋል።

የዋገኗን ፍጻሜ ያፋጠነውም የነዳጅ መወደድ ብቻ አይደለም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1975 የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ የቤት መኪናን በጠበቀ፣ ቀላል የጭነት መኪናን ግን በላላ ሚዛን የሚመዝን ሆነ። ዋገኗ ከቤት መኪና ተቆጠረች። ክራይስለር ለ1984 ያወጣው ሚኒቫን ያንኑ ቤተሰብ እየጫነ ከጭነት መኪና ተመደበ። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዋገኖች፣ የቼቭሮሌት ካፕሪስና የቢዩክ ሮድማስተር፣ በ1996 በቴክሳስ አርሊንግተን ፋብሪካ ሥራቸው አበቃ፤ ፋብሪካውም ፊቱን ወደ ጭነት መኪኖች አዞረ።

ከተረፉት መካከል ስንቶቹ ጠንካራ ሻሲያቸው ተፈልጎ፣ መኪና ከመኪና እያጋጩ በሚሰባበሩበት የትርኢት ሜዳ አለቁ! ዛሬ የቀረችውን የሚያድስ ወዳጅ ያ ላስቲክ ሲላጥ እውነተኛ እንጨት አይተካበትም። የእንጨቱን ሥዕል ፈልጎ፣ ሥዕልነቱን እያወቀ፣ በነበረበት ቦታ መልሶ ይለጥፈዋል፤ መኪናዋ የነበረችው እንደዚያ ነውና። ይህ ታማኝነት ያስቀናኛል። ትዝታ ያለፈውን ዘመን በቫርኒሽ ማሳመር ይወዳል፤ ከታሪክ የምንጠብቀው ግን እንጨቱን እንጨት፣ ላስቲኩን ላስቲክ፣ የተዘጋውንም በር የተዘጋ በር እንዲለን ነው።