የፈረሰኛው ሥዕልና የማጣራት ግዴታ



ፈረስ በእኛ ዘንድ ክብር ያለው እንስሳ ነው። አብዛኞቹ ሙፈሲሮች እንደገለጹት አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ዓዲያት የማለው በሚጋልቡ ፈረሶች ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ግን የሙስሊም ፈረሰኛ ሥዕል ሌላ ትርጉም ይዞ ተሠራጭቷል።

በዚያን ጊዜ ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይ ይነደፍና መስመሩ ብቻ ጎልቶ እንዲቀር ዙሪያው ይፈለፈላል፤ ከዚያም ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ይታተማል። ከአንድ ገበታ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ይረዳዋል።

ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1498 በኑረምበርግ ከተማ ባሳተመው ሥዕል ከዮሐንስ ራእይ የተወሰዱ አራት ፈረሰኞች ሰዎችን እየረገጡ ያልፋሉ። እዚህ ላይ ፈረስ የመቅሠፍት ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1529 ሱልጣን ሱለይማን ቪየናን ከበቡ። በ1530 ገደማ የዚያችው የኑረምበርግ ሠዓሊ ኤርሃርድ ሾን፣ ክርስቲያን ምርኮኞችን በገመድ አስሮ የሚጎትት የዑስማኒያ ፈረሰኛ ሣለ። በጦርነቱ ምርኮ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ይሁን እንጂ የዑስማኒያ ጦር ኑረምበርግ ደርሶ አያውቅም። ሙስሊም አይቶ የማያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ስለ እኛ የተማረው ከዚህ ወረቀት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ተመልከቱ። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ፒተር ኩክ ቫን አልስት እ.ኤ.አ. በ1533 ኢስታንቡል ሄዶ ያየውን ነደፈ። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ በ1553 አሳተመችው። በውስጡ የቀብር ሥርዓት አለ፤ የግርዛት በዓል አለ። በመጨረሻው ክፍል ያው ሱልጣን ሱለይማን በፈረስ ተቀምጠው፣ በአጃቢ ተከበው በከተማቸው አደባባይ ያልፋሉ። ፈረሱ በዝግታ ይራመዳል፤ የሚረግጠው ሰው የለም።

ሱልጣኑ አንድ፣ ዘመኑም አንድ ነው። አንዱ ሥዕል የተሠራው ጦርነት ባስፈራት ከተማ ነው፤ ሌላውን የሠራው ግን ሄዶ ከሕዝቡ ጋር የሰነበተ ሰው ነው።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ሥዕሉ በልጆቻችን የእጅ ስልክ ውስጥ ነው። «ማን ሠራው? በዓይኑ አይቷልን? ለማን ብሎ ሠራው?» ብለው መጠየቅን እናስተምራቸው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አያ የታዘዝነው ማጣራት በእኛ ላይ በተነዛ ወሬ ብቻ አይወሰንም። ጎረቤታችንን የሚያጠለሽ ሥዕል እጃችን ሲገባም ሳናጣራ ብናስተላልፈው፣ የኑረምበርግን ማተሚያ እኛው ማዞራችን ነው።

ወላሁ አዕለም።