ጽድ አበስባሹ እንጉዳይና የሐረና እንቁራሪት

ፒሮፎሜስ ዴሚዶፊ የተባለው እንጉዳይና ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የተባለችው እንቁራሪት፣ አንዱ እንጨት በማፍረስ ሌላይቱ በወደቀ እንጨት ሥር በመሸሸግ የሚኖሩ፣ ሁለቱም አሮጌ ደን የሚሹ ፍጥረታት ናቸው።

በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ዙሪያ እንደሚታየው ያለ የሐበሻ ጽድ፣ ቅርንጫፉ ለምልሞ ሳለ ልበ ግንዱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ደኖች ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንጉዳይ ነው፤ ግንዱን አጽንቶ የሚያቆመውን ሊግኒን እየፈታ ለብዙ ዘመን ውስጥ ለውስጥ ይመገባል፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የጠጠረ አካሉም ቆይቶ በቅርፊቱ ላይ ይወጣል። የሚመገበው በአመዛኙ ቀድሞ የሞተውን ልበ ግንድ እንጂ ውኃ የሚያመላልሰውን የውጭውን እንጨት ስላልሆነ፣ ዛፉን ፈጥኖ አይገድለውም። ደን ጠባቂዎች ጠላት ቢሉትም ስሙ ከግብሩ የከፋ ይመስለኛል። በ12ኛው መቶ ዘመን በዋሻው ውስጥ እንጨትና በኖራ የተለበጠ ድንጋይ እያፈራረቀ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ መቆሙም እንጨት አበስባሾች እርጥበት እንደሚሹ ያሳስባል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስምና።

እንቁራሪቲቱን በ1989 እ.ኤ.አ. ለሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ያስተዋወቁት ማልኮልም ላርገንና ሮበርት ድሪውስ ናቸው። በወገኗ ብቸኛ የሆነችው ይህች አጭር እግር፣ በላስታ ሳይሆን በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ገጽ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አስታ በሚበቅልበት በሐረና ጫካ እንጂ በዓለም ላይ ሌላ ማኅደር አይታወቅላትም። ደኑ ለማገዶ፣ ለግጦሽና ለሰፈራ በመመንጠሩ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋር መዝግቧታል።

እንጉዳይ በሥነ ዘር ምርመራ እንደ ተረጋገጠው፣ ከሚበላው ዛፍ ይልቅ ለእንቁራሪቲቱ የቀረበ ዘመድ ነው፤ እንደ እርሷም ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ማበጀት አይችልም። ደግሞም እንጨት አበስባሾች ያለሰለሱት የወደቀ ግንድ እርጥበት ስለሚይዝ ለእንዲህ ያለች ፍጥረት መጠለያ ይሆናል። ይህን የእንጨት አበስባሾች ወገን፣ የእንቁራሪቶችን ቆዳ እየበከለ በብዙ አገሮች ከጨረሳቸው፣ በኢትዮጵያም ከተገኘው ባትራኮኪትሪየም ከተባለው ደቂቅ ፈንገስ ጋር ማምታታት አይገባም።

እንጉዳዩ ብናኙን በነፋስ እየዘራ ጽድ ባለበት አገር ሁሉ ሊዛመት ሲችል፣ እንቁራሪቲቱ ግን ከአንድ ጫካ በቀር መሸሻ የላትምና ጥበቃው ለእርሷ ይቀድማል። የሐረና ጫካ ከፊሉ የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።