መንፋት ወይስ መሳብ? የመኪና አቧራ አጭር ታሪክ

መኪና ወደ አገራችን ሲገባ አቧራም አብሮት ተሳፍሮ ገባ። ስለ መኪናው ብዙ ተጽፏል፤ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደ ተሳፈረበት፣ ሕዝቡ ሲያየው ምን እንዳለ ተተርኳል። አብሮት ስለ ገባው ተሳፋሪ ግን የጻፈ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም፤ አቧራ ታሪክ ያለው አይመስለንምና። እኔ የአምበር ሰው ነኝ። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያደገ ሰው አቧራን ችላ ብሎ ማለፍ አይቻለውም። ስለዚህ ዛሬ፣ ውድ አንባቢ፣ ስለ አቧራና አቧራን ከመኪና ውስጥ ስለሚያወጣው መሣሪያ ጥቂት ላወጋዎ እወዳለሁ። ነገሩ ተራ ቢመስልም መድረሻው የሰው ሳንባ ነው።

በእኛ አቆጣጠር 1900 ዓ.ም. ለዚህ ወግ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። በዚያው ዓመት ግንቦት 25 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1908) ጄምስ መሪ ስፓንግለር የተባለ አሜሪካዊ የጽዳት ሠራተኛ በእጅ እየተገፋ አቧራ ለሚስብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ተቀበለ። መኪናው ለእኛ፣ አቧራ መሳቢያው ለእነርሱ በአንድ ዓመት ደረሰ ማለት ነው። ሁለቱ አምበር ላይ እስኪገናኙ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

መኪና ጎጃም ለመድረስ አስቀድሞ የዓባይን ሸለቆ መሻገር ነበረበት። በሸለቆው ላይ የመኪና መንገድ የተዘረጋው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ወራሪው ለጦሩ የዘረጋውን መንገድ ባለአገሩ ተጠቀመበት፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ከዚያ በዚሁ አቅጣጫ ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መንገዱ የጠጠር መንገድ ሆኖ ኖረ። እኔ በልጅነቴ የማውቀው አውቶቡስ ከመታየቱ በፊት አቧራው ይታይ ነበር። መንገደኛው ሲወርድ ጸጉሩ፣ ቅንድቡና ነጠላው አንድ ቀለም ይሆናል፤ ከመሳሳም በፊት መራገፍ ይቀድማል። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ፤ አውራ ጎዳናውም አስፋልት ለበሰ። አቧራው ግን አልጠፋም። ከአስፋልቱ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገነጠሉት መንገዶች ላይ ሰፍሮ ይጠብቃል።

ደግሞም አቧራ ከመንገድ ብቻ አይመጣም። በገበያ ቀን አምበር ላይ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ያየ ያውቀዋል። ጤፍ በማዳበሪያ ይጫናል፤ ዶሮ ከወንበር ሥር ይታሰራል፤ ከእርሻ የመጣ ጫማ ቀዩን አፈርና ጥቁሩን ዋልካ ይዞ ይገባል። እብቁ በወንበሩ ጨርቅ ውስጥ ይሰካል፣ አፈሩ ምንጣፉ ሥር ይተኛል፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥርም ተነሥቶ ይመለሳል። መኪና በአገራችን ውድ በመሆኑ አንዱ ተሽከርካሪ ለብዙ ዓመት ይሠራል፤ ስለዚህ በአንድ አሮጌ ወንበር ውስጥ የብዙ መኸር አቧራ ተከማችቶ ይገኛል።

ይህን ሁሉ የምናወጣው እንዴት ነበር? አንድም በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ፣ አንድም በጎሚስታው ኮምፕረሰር። ጎማ የሚነፋው ባለሙያ የአየር ቱቦውን ወደ መኪናው ውስጥ ያዞርና ይለቀዋል። አቧራው እንደ ጢስ ተግተልትሎ በበሮቹ ይወጣል፤ ባለመኪናው ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያያል፤ ቱቦውን የያዘው ልጅ ሻርፑን አፉ ላይ አስሮ በደመናው መካከል ይቆማል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ዓይንም ያጠግባል። አቧራው ግን ከመኪናው ወጣ እንጂ ወዴት ሄደ? ግማሹ ወደ ልጁ ሳንባ፣ ግማሹ ተመልሶ ወደ ወንበሩ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ውስጥ አንድ ፈጣሪ የባቡር ፉርጎ ማጽጃ ብሎ የሠራውን መሣሪያ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። መሣሪያው እንደ እኛው ኮምፕረሰር የታመቀ አየር እየነፋ አቧራውን ያስነሣል። ከተመልካቾቹ መካከል ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ነበረና «ከመንፋት ይልቅ ለምን አትስበውም?» ሲል ጠየቀ። ባለመሣሪያው አይቻልም ብሎ ተቆጣ። ቡዝ ግን ነገሩ ከልቡ አልወጣም። ከቀናት በኋላ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ መሐረቡን በወንበሩ ልብስ ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ገጥሞ በኃይል ሳበ። አቧራው ጉሮሮውን ሊዘጋው ደረሰ፤ መሐረቡን ገልብጦ ሲያየው ግን ጥቁር ክብ ታትሞበት አገኘ። አየሩ አልፎ አቧራው በጨርቁ ተይዟል። የዘመናችን አቧራ መሳቢያ ምሥጢር በሙሉ በዚያች መሐረብ ላይ ነበር።

ልብ ይበሉ፤ ጥያቄው የተነሣው ከቤት ምንጣፍ ሳይሆን ከተሽከርካሪ ወንበር ነው። ቡዝ የሠራው መሣሪያ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ፣ በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ነገር ነበር። መንገድ ዳር ቆሞ ረጃጅም ቱቦዎቹን በመስኮት ወደ ቤት ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የንግሥ በዓል የዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ የጸዳው በእርሱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ክሪስታል ፓላስ በተባለው የለንደን አዳራሽ የሰፈሩት የባሕር ኃይል ምልምሎች በወረርሽኝ ሲጠቁ፣ 15 መሣሪያዎች ተልከው 26 ቶን አቧራ እንዳወጡ ይነገራል። አቧራን መሳብ የጌጥ ሳይሆን የጤና ጉዳይ መሆኑን ዓለም ያኔ ማየት ጀመረ።

የአሜሪካዊው የስፓንግለር ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ወደ እኛ ይቀርባል። ስፓንግለር ሀብታም መሐንዲስ አልነበረም፤ በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ የአንድ ትልቅ መደብር ጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ አስምም ነበረበት። ምንጣፍ በጠረገ ቁጥር መተንፈስ ያቅተዋል። ሥራውን ቢተው ይራባል፤ ቢቀጥል ይታፈናል። እናም የቬንቲሌተር ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ራሱን የሚያድንበት መሣሪያ ሠራ። የሚሽከረከር ብሩሽ አቧራውን ይቀሰቅሳል፣ አየሩ ይስበዋል፣ የትራሱ ልብስ ይይዘዋል። መብቱን የገዛው ዊልያም ሁቨር የፈረስ ዕቃና ኮርቻን የመሰለ የቆዳ ሥራ ነጋዴ ነበር። መኪና እየበዛ ሲሄድ የፈረስ ዕቃ ገበያው እንደሚጠፋ ተረድቶ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበርና፣ መኪና ያሰጋው ሰው በአቧራ መሳቢያ ከበረ።

ወደ አምበር ልመለስ። የእህቴ ልጅ ከአምበር ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ረዳቱ ገና ወጣት ነው፤ መኪናውን ማታ ማታ የሚያጸዳውም እርሱ ነው። ባለፈው የበጋ ወቅት የእህቴ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ልጁን ሳሉ አላስተኛው አለ። ሐኪሙ ከአቧራ ራቅ ብሎታል። ከአቧራ ቢርቅ ደግሞ እንጀራው ይርቀዋል። የዕቁብ ገንዘብ ደርሶኛል፤ ቫኪዩም ልግዛለት ብዬ ነበር፤ የትኛውን ልግዛ?» ደብረ ማርቆስ ሱቅ ውስጥ ያያቸው ሁለት ናቸው፦ አንዱ ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ትንሽ የእጅ መሣሪያ፣ ሌላው በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ደረቅም እርጥብም የሚስብ በርሜል መሰል። የመጀመሪያው ርካሽና ቆንጆ ነው፤ ሁለተኛው ውድና ግዙፍ።

የእጅ መሣሪያውም የራሱ ታሪክ አለው። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው ኩባንያ ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ገመድ አልባ መሰርሰሪያ በመሥራት ተሳትፎ ነበር፤ በኋላም በባትሪ መሣሪያዎች ያካበተውን ልምድ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1979 ደስትባስተር የተባለውን በእጅ የሚያዝ አቧራ መሳቢያ ለገበያ አቀረበ። ለቤት ፍርፋሪ ድንቅ መሣሪያ ነው። የመኪና ሶኬት ግን ወሰን አለው። 12 ቮልቱን በ10 አምፔር ብናባዛው 120 ዋት ይሆናል፤ ከዚያ ብዙ ቢጎተት ፊውዙ ይቃጠላል። በዚህ ጉልበት የቆሎ ፍርፋሪ ይነሣል እንጂ ምንጣፍ ሥር የተኛ የጎጃም አፈር አይነቃነቅም። ትልቁን መሣሪያ ከመኪናው ባትሪ ላሠራው ማለትም አይሆንም፤ 1200 ዋት ከ12 ቮልት ላይ 100 አምፔር ይጠይቃልና። መብራት ባለበት ግቢ መሥራት ግድ ነው።

ይሁን እንጂ ዋት ራሱ አታላይ ቁጥር መሆኑን ነገርኩት። ዋት መሣሪያው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚስበውን አቧራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1600 ዋት በላይ የሆኑትን፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሆኑትን የቤት ውስጥ አቧራ መሳቢያዎች ከገበያ የከለከለው፣ ያለ ብዙ ዋት በደንብ መሳብ ስለሚቻል ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አስነሥቶ፣ ቱቦውን በመዳፉ ገጥሞ የስበቱን ኃይል እንዲመዝን፣ አየር የሚያፈስ መጋጠሚያ እንዳለው እንዲያዳምጥ፣ በወንበር ሥር ወዳለው ሃዲድ የሚገባ ቀጭን አፍ እንዳለው እንዲያይ መከርኩት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማጣሪያው ነው። በዚህ ረገድ ገበሬዎቻችን ከማንም በፊት ያወቁት ነገር አለ። አውድማ ላይ ጤፍ የሚያበራይ ሰው በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል፤ ክብደት ያለው ፍሬ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ቀላሉ እብቅ በነፋስ ይሄዳል። ሲያዘራም ከነፋሱ ፊት ለፊት አይቆምም። እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ከእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ አይቶ፣ 5127 ጊዜ እየሠራና እያፈረሰ ወደ አቧራ መሳቢያ ያመጣው የአውሎ ነፋስ ዘዴ የዚህ ዘመድ ነው፤ አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን ይጥላል። ነገር ግን አውሎ ነፋሱም ሆነ አውድማው ደቃቁን ብናኝ አይዙትም። ሳንባ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ደቃቁ ነው። ማጣሪያው ወንፊት ከሆነ ሞተሩ አቧራውን በአንድ በኩል ስቦ በሌላው በኩል ይተፋዋል፤ ያን ጊዜ በውድ ዋጋ የተገዛ ኮምፕረሰር ሆነ ማለት ነው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አቶሚክ ቦምብ በተሠራበት ፕሮጀክት ጨረራማ ብናኝ ለመያዝ የተጀመረ ነው፤ የዛሬው መለኪያው መጠኑ 0.3 ማይክሮሜትር ከሆነ ብናኝ 99.97 በመቶውን መያዝ ነው።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ትልቁን ገዛ፤ ከሄፓ ማጣሪያና ከአንድ መለዋወጫ ጋር። ሁለት ማጣሪያ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእኛ አፈርና የጤፍ እብቅ ማጣሪያ ቶሎ ይደፍናሉ። የሚታጠብ ዓይነት ቢሆንም በደንብ ሳይደርቅ ቢገጠም አቧራው ጭቃ ሆኖ ይጋገርበታል፤ ስለዚህ አንዱ ጥላ ሥር ሲደርቅ ሌላው ይሠራል። ልጁም አዲስ ሥርዓት ተማረ፦ በሮቹን ከፍቶ፣ አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ በስፓንግለር ዘዴ ወንበሩን በጠንካራ ብሩሽ በአንድ እጁ እየቀሰቀሰ በሌላው ይስባል፤ በክረምት የገባ ጭቃ እስኪደርቅ ይታገሣል፤ በመጨረሻም በርሜሉን ከመገልበጡ በፊት አቧራውን በውሃ ያረጥበዋል።

ሳሉን መሣሪያው ፈወሰው አልልም፤ ያ የሐኪሙ ፋንታ ነው፤ ልጁም ክትትሉን አላቋረጠም። ማታ ማታ በደመና ውስጥ መቆሙ ግን ቀርቶለታል፤ እንጀራውም አልራቀውም።

እርስዎም፣ ውድ አንባቢ፣ ለመኪናዎ ይህን መሣሪያ ሊገዙ ሱቅ ቢገቡ ሻጩ ስለ ዋቱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ መጣበት አገር ይነግርዎታል። ሰምተው ሲጨርሱ ቡዝ ለንደን ላይ፣ ገበሬው አውድማው ላይ የጠየቁትን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ አቧራው ከዚህ ተነሥቶ የት ያርፋል? መልሱ «ሠራተኛው ላይ» ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

ቸር ይግጠመን።