ጥልቅ ስንል ወዴት ነው የምንወርደው?

እኛ ተማሪዎች አንድ ክፉ አመል አለብን። ያልገባንን ነገር በእንግሊዝኛ «ፕሮፋውንድ» እንለውና እናልፋለን። «የባሌ ገበሬዎች አመፅ ፕሮፋውንድ ምክንያቶች ነበሩት» ብለን ጽፈን ማርክ እንጠብቃለን። ምክንያቶቹስ? ዝም! እስቲ ዛሬ ሮቤ ቁጭ ብለን ቃሉን ራሱን እንመርምረው።

እንግሊዝኛ ለጥልቀት ሁለት ቃል አለው። «ዲፕ» የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ከመንከርና ከመጥለቅ ጋር ይዛመዳል። የእኛም «ጠለቀ» ለዋናተኛውም ለፀሐይዋም ይሆናል። «ፕሮፋውንድ» ግን መጤ ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ከገቡት ቃላት ወገን ነው። የትውልዱ ሥር ላቲን ነው፤ «ፉንዱስ» ማለት ታች፣ መሠረት ማለት ነው። የግንበኛው «ፋውንዴሽን»፣ የቢሮው «ፈንድ» ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ኦሮምኛም «ገዲ ፈጎ» ሲል ወደ ታች የራቀ ማለቱ ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሮማውያን «ፉንዱስ» ያሉት የዕቃን ቂጥ ብቻ አይደለም፤ ርስትንና የእርሻ መሬትንም ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ባሌ እንመለስ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ገበሬውና አርብቶ አደሩ ጠመንጃ አነሣ። ከመሪዎቹ ሁሉ የዋቆ ጉቱ ስም ገነነ። ላይ ላዩን ላየው ሰው ነገሩ ሽፍትነት ነው፤ ወይም ከሶማሊያ የመጣ መሣሪያ ነው። መሣሪያውስ መጥቷል፤ ግን ጠመንጃ ብቻውን ሰውን ከቤቱ አያስወጣም። ትንሽ ዝቅ ስንል ግብሩን፣ የሹማምንቱን ጉቦ፣ በሃይማኖትና በዘር የደረሰውን ንቀት እናገኛለን። ከዚያም ዝቅ ስንል መሬት አለ፦ የተለካው፣ ግብሩ ውዝፍ ሆነ ተብሎ ከባለቤቱ እጅ የወጣው መሬት። ቃሉ ወደ ታች ሲመራን የደረስንበት ያው «ፉንዱስ» ሆነ!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትንም አስቀረ። ትዝታውን ግን አዋጅ አይሽረውም። ከመካከላችን መሬቱን ያጡት የልጅ ልጆች አሉ፤ ያገኙትም የልጅ ልጆች አሉ። የምንቀመጠው ባንድ አግዳሚ ወንበር ነው።

ወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ላይ ከመሬት በታች ይገባና በወዲያኛው በኩል ብርሃን ያያል። የእኛም ጽሑፍ እንዲያ ይሁን። «ጥልቅ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ይውረድ፤ ታች ያገኘውንም ይዞልን ይውጣ። አለበለዚያ ቃሉን ለባለቤቶቹ ይመልስላቸው።