በጀንዳ የኖሩት ባልና ሚስት

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለት ፈረንጆች ነው። ነገሩን ያነሣሣኝ አንድ ሠርግ ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ ወደ እስራኤል የመጡት ዘግይተው ነው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ተጠምቀው ስለነበር «ፈላሽ ሙራ» ከተባሉት ወገን ናቸው። በሠርጉ ላይ አንድ የእኔ ወገን የሆነ ሽማግሌ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ «እነዚህ የሚሲዮን ልጆች ናቸው» አለ። አማቴ ሰሙ። እጃቸውን ከምግቡ አንሥተው ወጡ። እኔም ከኋላቸው ወጣሁ፤ የምላቸው ግን አልነበረኝም። «የትኛው ሚሲዮን? ማን ነው የመጣው? መቼ?» ብዬ ሽማግሌውን ብጠይቀው እሱም አያውቅም ነበር።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በሙያ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ተማርኩ፣ ሠራዊት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ አሁን በብየዳ እተዳደራለሁ። አማርኛዬን ያስተማረችኝ አያቴ ናት፤ የጎደለውን እናንተ ሙሉት። ከዚያ ሠርግ በኋላ ግን ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትንም እነሆ።

ሰውየው ዮሐን ማርቲን ፍላድ ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ቅድስት ክሪሾና በሚባል ቦታ የተማረ ነው። እዚያ ለሚስዮን የሚላኩት ወጣቶች አብዛኞቹ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በእጃቸው ሠርተው እየበሉ ወንጌል እንዲያስተምሩ ታስቦ ነው። ዕቅዱ በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ የሳሙኤል ጎባት ነው፤ እሱም ቀደም ሲል በ1830ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሚሲዮናዊ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፍላድ በ1855 ክራፕፍ ከሚባል ሚሲዮናዊ ጋር አገሩን ሊያጠና ገባ። አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ወራት ብቻ ነበር። ንጉሡ የሚፈልጉት ሰባኪ ሳይሆን ብረት ቀጥቃጭ፣ ግንበኛና ጠመንጃ ሠሪ መሆኑን ያን ጊዜውኑ ግልጽ አድርገውላቸዋል።

ሚስቱ ፓውሊነ ኬለር ትባላለች። ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጀርመን ዲያቆናዊት እህቶች ጋር ታገለግል የነበረች ሴት ናት። እንግዲህ አስቡት፤ እኛ ሌትና ቀን ስሟን እየጠራን ከምንናፍቃት ከተማ ተነሥታ ወደ እኛ መንደር የመጣች ሴት! አያቴ ይህን ስነግራት «ኢየሩሳሌምን ትታ?» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

በ1860 ከለንደን ማኅበር ሄንሪ ስተርን መጣ። እሱ ራሱ በትውልዱ አይሁዳዊ፣ በእምነቱ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነው። ከንጉሡና ከአቡነ ሰላማ ፈቃድ አገኘ። የፈቃዱ ቃል ግን ከባድ ነበር፦ ከቤተ እስራኤል ያመነ ቢኖር የሚጠመቀው በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ማኅበር እንዳያቆሙ። ፍላድና ሚስቱም ለዚህ ሥራ ከጎንደር በታች ደምቢያ ውስጥ ጀንዳ በምትባል ቦታ ተቀመጡ።

እንግዲህ ኑሯቸው ምን ይመስል ነበር? ስለ ትልልቁ ክርክር ብዙ ተጽፏል፤ እኔን ግን የሚገርመኝ የዕለት ተዕለቱ ነው። ገንዘቡ የማሪያ ቴሬዛ ብርና የአሞሌ ጨው ነው። ሽንኩርት ወይም እንቁላል ለመግዛት ብሩ መጀመሪያ በጨው መመንዘር አለበት፤ ጨው ደግሞ ዝናብ አይወድም። ደብዳቤና የመጽሐፍ ሣጥን የሚመጣው ከባሕሩ ከምጽዋ ነው፤ በበቅሎና በአጋሰስ ስንት ተራራ ተወጥቶ። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። ደምቢያ ደግሞ የጣና ዳር ሜዳ ነው፤ ንዳዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ መድኃኒት ፈላጊው ደጃቸውን ይጠናል፤ ባልየው ፊደል ሲያስተምር ሚስትየው ሕሙማን ታያለች፣ ሕጻናት ትሰበስባለች።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጎረቤቱ ነው። ወጣቶች የሆናችሁ ምናልባት አታውቁት ይሆናል፤ አባቶቻችን «አትንኩኝ» የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ባዕድ የነካ ሰው ታጥቦ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብቆ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። አያቴ እንደምትለው የሸክላ ገበያ እንኳ በርቀት ነበር፤ ገዢው ገንዘቡን ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ ይጥላል፣ ሻጯ ማሰሮዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ዞር ትላለች። ፓውሊነም እንስራ ሲያስፈልጋት እንዲህ ሳይሆን አልቀረም። ሕይወቷን ለእነዚህ ሰዎች ልሰጥ ብላ መጥታ፣ ሰዎቹ እጇን አይነኩም! በሌላ በኩል ደግሞ ያችኑ ሻጭ አስቡ። ልጇ ታሞ ፈረንጇ መድኃኒት ብትሰጣት፣ መድኃኒቱን ትቀበል ወይስ ሥርዓቱን ትጠብቅ? እኔ በዚህ ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

ሌላው ነገር መጽሐፉ ነው። የእኛ ኦሪት በግዕዝ ነበር፤ የሚያነበው ቄሱ፣ መነኩሴውና ደብተራው ነው። ፍላድና ጓደኞቹ ያመጡት ደግሞ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አንድ የሸማኔ ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ኦሪቱን ራሱ በሚናገረው ቋንቋ ያነባል። በእኔ ግምት ከስብከቱ ሁሉ ይበልጥ ብርቱ የሆነው ይህ ነው። መነኮሳቱ የደነገጡትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1862 ነገሩ ንጉሡ ፊት ቀረበ፤ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችና ሚሲዮናውያኑ ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ነው አባ መሐሪ የሚባሉት መነኩሴ «ወደ ኢየሩሳሌም!» ብለው ሕዝብ አስከትለው የተነሡት። ባሕሩ እንደ ሙሴ ጊዜ ይከፈልልናል ብለው ነበር። እስከ ትግራይ ደርሰው ብዙዎች በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉት ተመለሱ ወይም እዚያው ቀሩ። ፍላድና ሚስቱ ከኢየሩሳሌም ወደ ደምቢያ መጡ፣ የደምቢያ ሰው ደግሞ በእግሩ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ።

ከዚያ መከራው ወደ እነሱም ዞረ። ስተርን በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ ጽፎ ነበር። በ1863 ተደብድቦ ታሰረ፤ ጀንዳ ያሉትም አብረው ተያዙ። ፍላድ ከጊዜ በኋላ ተፈታ፤ ግን ከአገር መውጣት የለም። በ1866 አጼ ቴዎድሮስ ጠርተው «ሂድና ከእንግሊዝ ንግሥት ዘንድ የእጅ ባለሙያዎች አምጣልኝ» ብለው ደብዳቤ ሰጡት። ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ።

እኔ በሠራዊት ሳለሁ ለሦስት ሳምንት ከቤት ርቄ ስቆይ እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም፤ ያውም በየማታው ስልክ እየደወልኩ። ይህች ሴት ባሏ ከሄደ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ልጆቿን ይዛ ጠበቀች፤ ንጉሡ ዛሬ በምን እንደሚቆጡ፣ ነገ በምን እንደሚራሩ ማንም በማያውቅበት ዘመን። ፍላድ በኦገስት 1866 ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን እስከ ምጽዋ ላከ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን አያልፉም አለ። ስለዚህ ፍላድ በ1867 ባዶ እጁን ተመለሰ። መመለስ አልነበረበትም እኮ! አውሮፓ ነበር፣ ነጻ ነበር። ሃይማኖቱን በእኛ ላይ ለመጫን የመጣ ሰው ነውና ልወደው አልችልም፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ወደ እስር የተመለሰበትን ያን ጉዞ ግን አከብረዋለሁ።

የእሱ ጓደኞች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ይሠሩ ነበር። እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ትንሽ ልቆይ። እነ ቫልድማየር መድፍ አቅልጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ንጉሡ ሲያዝዙ «አንችልም» ቢሉም አልተሰሙም። ሞከሩ፣ አልሆነም፣ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ሰባስቶፖል የተባለውን ወጣ፤ ሰባት ቶን ገደማ። እኔ በምሠራበት ቦታ ሁለት ቶን ለማንሣት ክሬን እንጠራለን። እነሱ በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ጎተቱት። ከሠሪዎቹ አንዱ ሞሪትስ ሆል የሚባል የፖላንድ አይሁዳዊ ነበር፤ ተጠምቆ ክርስቲያን ሆኗል። ከመቅደላ በኋላ መጥቶ የኖረው እዚሁ ያፎ ነው።

ኤፕሪል 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ። ከአሮጌው ውጊያ ማግስት ንጉሡ ለዕርቅ ከላኳቸው ሰዎች አንዱ ፍላድ ነበር። እስረኞቹ ተፈቱ፤ ኤፕሪል 13 አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። ፍላድና ቤተሰቡ ከጦሩ ጋር ወጥተው ጀርመን ገቡ።

ሥራው ግን አልቆመም። በፍላድ ቤት ያደገው ሚካኤል አረጋዊ ክሪሾና ተምሮ ተመለሰና እስከ 1931 እስኪሞት ድረስ ሚሲዮኑን መራ። ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን መጣ፤ ከብት አለቀ፣ የደርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጠለ፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። በዚያ ጊዜ ሃይማኖቱን የለወጠ ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ አምኖ ነው የሚል ካለ ረሃብ አያውቅም።

ደግሞ ይህንንም ልንገራችሁ። በአውሮፓ ያሉ አይሁድ ስለ እኛ አጥብቀው ማሰብ የጀመሩት የሚሲዮኑን ወሬ ሰምተው ነው። በ1864 ረቢ ሂልደስሃይመር «እነዚህን ወንድሞቻችንን እናድን» ብለው ጥሪ አወጡ፤ በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ ተላከ፤ በ1904 ፋይትሎቪች መጡ። የሠርጉ ሽማግሌ ይህንን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ገና አላገኘሁትም።

አማቴን ግን አገኘኋቸው። ሰንበት ካለፈ በኋላ ቡና ሲያፈሉ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አጫወትኳቸው። ስለ ክፉ ቀን ስደርስ አቋረጡኝና «የእኔ አያት እናት እኮ ከተጠመቀች በኋላም ዓርብ ማታ እሳቷን ታጠፋ ነበር» አሉ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ያች ፈረንጅ ልጆቿን ይዛ ወጣች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ወጣች» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉና ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።