መርፌው፣ እጁና ምስክር ወረቀቱ

ዘመናዊ ሕክምና በኢትዮጵያ ሲስፋፋ፣ መርፌ ከነርስ ቀድሞ ነበር ወደ ሕዝቡ የደረሰው። በሆስፒታል ቁስል ማጠብና ማሰር የተማረ ድሬሰር በየአካባቢው «መርፌ ወጊ» ይባል ነበር፤ በሽተኛውም የሚጠይቀው እጁ ቀላል መሆኑን እንጂ ምስክር ወረቀቱን አልነበረም።

ሙያውን በትምህርት ሥርዓት ለማስያዝ የተደረገው ጥረት ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተጠናከረ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት በ1942 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ለጤና ጣቢያዎች የሚሆኑ ነርሶችን ከጤና መኮንኖች ጋር አሠለጠነ።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስፍራ አለርት የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. ነው። ማእከሉ ከስሙ ጀምሮ የማሠልጠኛ ተቋም ሲሆን፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችም ተምረውበታል። ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው መድኃኒት በአብዛኛው የሚዋጥ ነው። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና መድኃኒት አይቀርም። በዚህ ረገድ የዘነበወርቅ በሽተኛ ለነርስ ከባድ መምህር ነው። ደዌው የእጁን ስሜት ካጠፋው፣ መርፌው ከደም ሥር ወጥቶ ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ሲጠራቀም አያመውም፤ ስለዚህ አይጮኽም። እብጠቱን ማየት ያለበት የነርሷ ዓይን ነው።

ጡንቻ ላይ የተወጋ መድኃኒት ቀስ ብሎ ይሰራጫል፤ በደም ሥር የገባው ግን ወዲያው ልብ ይደርሳል፣ አይመለስምም። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በፍጥነት ቢገባ ልብን ያቆማል። ስሌቱም ቢሆን ቀላል ነው፤ 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘና ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል መቁጠር ይገባል። ይህ በአንደኛ ደረጃ የሚሰጥ የማባዛትና የማካፈል ትምህርት ነው። የሒሳብ መምህራን ሳያውቁት የነርስ አሠልጣኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ለጤና ተመራቂዎች አገር አቀፍ የሙያ ብቃት ምዘና ማካሄድ ጀመረ። ለነርሶች ረጅም ጊዜ የዘገየ እርምጃ ነበር፤ ዲፕሎማው የተሰጠበትን ትምህርት ቤት ሳይለይ ሁሉንም በአንድ መለኪያ ያያልና። ይሁን እንጂ በወረቀት የሚሰጥ ጥያቄ የጠብታውን ስሌት ይመረምራል እንጂ፣ ስሜት የሌለው ክንድ ማበጥ ሲጀምር ነርሷ በሌሊት ተረኛነት ታየው እንደ ሆነ አይመረምርም። ይህን ማረጋገጥ የሚችለው በዚያ ሌሊት አብሯት የቆመ አሠልጣኝ ብቻ ነው።