የአራዳ ቤት እንዴት ይተነፍሳል?

አዲስ አበባ የሙቀት ልጅ ናት ብንል ብዙም አልዋሸንም። እንጦጦ ይበርዳል፣ ፍልውሃ ይሞቃል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ከተማዋም ተከትላቸው ወረደች።

በኋላ ጊዮርጊስ ዙሪያ የተሠሩት ቤቶች የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ቁር ያለ ማሽን መቻል ነበረባቸው። እስቲ ጣይቱ ሆቴልን ልብ ብላችሁ እዩት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱ ከሰው ራስ በላይ ይቀራል። በረንዳው ፀሐይዋን ግድግዳው ላይ ሳትደርስ ያስቀራታል። የሰፈሩ ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል።

ሁሉም ወርቅ ነበር አንልም። ከፍ ያለ ጣሪያ በክረምት ያንቀጠቅጣል፣ ከሰል ያስገባል። ከሰል ደግሞ በተዘጋ ቤት ይገድላል።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። የዘመኑ ፋሽን መስታወት ነው። መስታወት ፀሐይ ያስገባል፣ ሙቀቱን ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ኤሲ ይገዛል። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ፦ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየራችን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለጅቡቲ የተለካ ማሽን እዚህ ያንኑ ያህል አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። “ትልቁን ስጠኝ” ማለትም አያዋጣም፤ ከክፍሉ በላይ የሆነ ኤሲ ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ራሱን ይጨርሳል።

ታሪክ ሐውልት ብቻ አይደለም፤ መስኮት በየት በኩል ይከፈት የሚለውም ታሪክ ነው። ቤቶቹን ካጣን፣ ቢያንስ ዘዴያቸውን አንጣ።